ጎንደር ላይ ውፍረትን ከቤት መከላከል፦ ከዘይት ጀሪካኑ የሚጀምር መመሪያ

ይህ መመሪያ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ላስበሳ አባወራ፣ ከወለደች ወዲህ የቀድሞ ቀሚሷ አልገባ ላላት እናት፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ለሚል ወጣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእነዚህ ሁሉ ወጥ ለሚሠራው ሰው የተጻፈ ነው። ከሁሉም በላይ ያልኩት በምክንያት ነው። በእኛ ቤት ሰው ለብቻው አይበላም፤ ምግቡ ከአንድ ድስት ወጥቶ አንድ መሶብ ላይ ይቀርባል። አንዱን ነጥሎ «አንተ ወፍረሃል፣ ቀንስ» ማለት ሰውየውን ያሳፍረዋል እንጂ ኪሎውን አይቀንስለትም። መለወጥ ያለበት ድስቱ፣ ጀሪካኑና የቤቱ ልማድ ነው።

ውፍረቱ ከየት መጣ?

ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ ሲገባለት ትርፉን ስብ አድርጎ ያስቀምጣል። ይህ ለሁሉም ሰው አንድ ነው። ትርፉ አንዱ ላይ ቶሎ፣ ሌላው ላይ ቀስ ብሎ የሚከማችበት ምክንያት ግን ብዙ ነው፦ የዘር ውርስ፣ ዕድሜ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከም፣ እንደ ፕሬድኒሶሎንና ኢንሱሊን ያሉ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም። እናቱ ምግብ ባጣችበት ጊዜ የተፀነሰ ልጅ አድጎ የተትረፈረፈ ምግብ ሲያገኝ ለውፍረትና ለስኳር በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጥም ይታወቃል። የ77ቱን ድርቅ ያየ አገር ይህን አቅልሎ ሊያልፈው አይችልም። እንዲህ ያለ ቀን ያሳለፈ ወላጅ ልጁን ወፍሮ ሲያይ ደስ ቢለው አይፈረድበትም፤ የዛሬው አደጋ ሌላ መሆኑን ግን በፍቅር ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከተማችን ራሷ ተለውጣለች። የእህል ሸክምና ወፍጮ ቤት መመላለስ ቀርቶ ዱቄቱ ተፈጭቶ ይገዛል፤ ውሃው በቧንቧ ይመጣል (በሚመጣበት ቀን)፤ ከማራኪ ፒያሳ ለመውጣት ባጃጅ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ዱሮ በማንኪያ የሚጨመር የኑግ ዘይትና በበዓል የሚወጣ ቅቤ ነበር፤ አሁን ዘይት በአምስት ሊትር ጀሪካን ይገባል። ለስላሳውም ብስኩቱም በየኪዮስኩ አለ። በዚህ ላይ ቢሮ፣ ሱቅና ስልክ ቀኑን ሙሉ ያስቀምጡናል። ሰዉ ከአያቶቹ ይልቅ ሆዳም ሆኖ አይደለም፤ ዙሪያው ተለውጦበት ነው።

በቁጥር ለማየት፦ በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ክብደታቸው ከልክ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 8 ከፍ አሉ። ከተማ ውስጥ ደግሞ 21 ደርሰዋል። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም ሲከፈትላት የባለሙያዎቹ ትልቁ ጭንቀት ወባና ሌላው ተላላፊ በሽታ ነበር። ዛሬ በዚያው ሆስፒታል ለስኳርና ለደም ግፊት ክትትል የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው፤ ለሁለቱም አንዱ መንገድ ጠራጊ ይኸው የሆድ ዙሪያ ስብ ነው።

ደረጃ 1፦ ሜትር ይያዙ

በመስታወትና በሰው አስተያየት አይመሩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይግዙ ወይም ይዋሱ። ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ልብስ ገለጥ አድርገው ይቁሙ። የመጨረሻው የጎን አጥንት ከሚያልቅበትና የዳሌ አጥንት ከሚጀምርበት መካከል ላይ ሜትሩን ያዙሩ፤ ሳይጠብቅ፣ ሳይላላ። ትንፋሽ ወጣ ካለ በኋላ ያንብቡ። ሆድን መሳብ ራስን ማታለል ነው።

ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር፣ ለወንድ 94 ላይ ሲደርስ አደጋው መጨመር ይጀምራል፤ ሴት ከ88፣ ወንድ ከ102 ካለፈ አደጋው ከፍተኛ ነው። እነዚህን መያዝ ለሚከብደው ሰው ቀላሉ ልኬት የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ እንዳያልፍ ነው። ቁመቱ 165 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ82 ባይዘል ይሻለዋል።

ሚዛን ካለ ደግሞ ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ያካፍሉ። ቁመቷ 1.65፣ ኪሎዋ 78 የሆነ ሴት፦ 78 ሲካፈል ለ1.65፣ እንደገና ሲካፈል ለ1.65፣ ወደ 28.6 ይመጣል። ከ25 ጀምሮ ክብደት ከልክ አልፏል ይባላል፤ ከ30 ጀምሮ ውፍረት ነው። ይህ ስሌት ለነፍሰ ጡር አይሠራም፤ ጡንቻው የዳበረ የጉልበት ሠራተኛንም ያለ ጥፋቱ ወፍራም ሊለው ይችላል። ለዚህ ነው ከሁለቱ አንዱን ብቻ የግድ ምረጥ ብባል ሜትሩን የምመርጠው።

ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተር ላይ ያስፍሩ። በየቀኑ አይለኩ፤ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ጀሪካኑ ላይ ቀን ይጻፉ

ከሁሉም ደረጃ ይህን አስበልጣለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን ብቻ ቢያደርጉ እንኳ ለውጥ ያያሉ። አዲስ ዘይት የተከፈተበትን ቀን በማርከር ጀሪካኑ ላይ ይጻፉ። ሲያልቅ ስንት ቀን እንደቆየ ይቁጠሩ። ከዚያ ሊትሩን ወደ ሚሊ ሊትር ቀይረው ለቀኑና ለቤተሰቡ ቁጥር ያካፍሉ።

አምስት ሰው ያለበት ቤት አምስት ሊትር በ30 ቀን ከጨረሰ፣ ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ደረሰው ማለት ነው፤ ይህም 270 ካሎሪ (ምግብ የሚሰጠው ጉልበት መለኪያ) አካባቢ ነው። ስምንት ሊትር ከጨረሰ 53 ሚሊ ሊትር፣ ከ430 ካሎሪ በላይ። ልብ ይበሉ፣ ይህ ሁሉ እንጀራውም ሽሮውም ሳይቆጠር ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲይዝ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን ግን 4 ብቻ ነው የሚይዘው። ሰው ስለ ውፍረት ሲያወራ እንጀራውን ይከሳል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ጀሪካኑ ይጠየቅ ባይ ነኝ።

ለአምስት ሰው በወር ሦስት ሊትር ጥሩ ግብ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሚሊ ሊትር፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ የሚበልጥ ማለት ነው። ከስምንት ሊትር ቤት ተነስቶ በአንድ ወር ሦስት ላይ መድረስ አይቻልም፤ መጀመሪያ ስድስት፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ አራት እያሉ ይውረዱ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሁን። የሚረጋው የፓልም ዘይት ለልብና ለደም ሥር ከፈሳሹ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ይከፋል፤ በካሎሪ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍ አያወፍርም ማለት አይደለም። ፈሳሽ ነው ብሎ እንደልብ ቢያፈሱት ያው እኩል ያወፍራል።

ደረጃ 3፦ ቁሌቱን ያለ ዘይት ይጀምሩ

ይህ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። የዶሮ ወጥ ሙያ ያላቸው እናቶቻችን ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ነው የሚያቁላሉት። እኛ ነን ችኩል ሆነን ዘይቱን ያስቀደምነው። ለአምስት ሰው የሚሆን ምስር ወጥ ይኸው፦

አራት ራስ ቀይ ሽንኩርት በጣም ደቆ ይከተፍ። ዘይት ሳይነካው ድስት ውስጥ ገብቶ በመካከለኛ እሳት ይጣድ። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል፤ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ያማስሉት። ውሃው አልቆ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውሃ ጠብ ያድርጉ፤ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ። እንዲህ ጠብ እያደረጉ ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ያቁላሉት፣ ሽንኩርቱ ሟሙቶ ወርቅማ እስኪሆን። በዚህ ላይ መቸኮል አይቻልም፤ ወጡ የሚጥመው እዚህ ነው። ከዚያ በርበሬው ይግባና በውሃ ጠብታ አሥር ደቂቃ ያህል ይብሰል። አሁን ዘይት፦ ከጀሪካኑ በቀጥታ ሳይሆን በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ፣ ሦስት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ይከተላል፣ ከዚያ ምስሩና የፈላ ውሃው። ሊወጣ ሲል ጨውና መከለሻ።

አንዲት ጎረቤቴ ይህን ስነግራት «ቅባቱ ያልተንሳፈፈ ወጥ ለእንግዳ እንዴት ይቀርባል?» አለችኝ። ጭንቀቷ እውነተኛ ነው። ቅባት የተንሳፈፈበት ወጥ የቤቱን ደግነት ያሳያል ተብሎ ይታመናልና። መልሴ ይህ ነው፦ ለእንግዳ የሚያሳፍረው ያልበሰለ ሽንኩርትና ያልተቁላላ በርበሬ ነው። በደንብ የተቁላላ ወጥ በሦስት ማንኪያ ዘይትም ያምራል፣ ይጥማል፤ እርሷም ሠርታ አይታዋለች።

ጠዋት ፍርፍር የሚሠራ ቤት ደግሞ ቁርሱን ልብ ይበል። የትናንቱን ቅባታም ወጥ እንደገና በዘይት አቁላልቶ እንጀራ ሲፈረፈርበት ዘይቱ ሁለት ጊዜ ተበላ ማለት ነው። በቲማቲም፣ በቃሪያና በውሃ ተሠርቶ አንድ ማንኪያ ዘይት ቢገባው ይበቃል። ከመንገድ ዳር የሚገዛው ፓስቲ፣ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ዘይት ውስጥ የተነከረ ዱቄት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ይሁን፣ ቁርስ አይሁን።

ደረጃ 4፦ የሚጠጣውን ይቁጠሩ

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይይዛል። አሁን የቡና ሥርዓታችንን በዚህ ዓይን ይዩት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት ማንኪያ። በአንድ የቡና ቁጭታ ብቻ 24 ግራም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚፈላበት ቤት 48 ላይ ደረሰ፤ የጠዋቱ ሻይና ፈንዲሻው ላይ የተነሰነሰው ስኳር ገና አልተቆጠሩም። ቡናው ራሱ ምንም በደል የለበትም። ስኳሩን በየሁለት ሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ረከቦቱ ላይ ስኳሩ በትልቅ ማንኪያ መቅረቡ ቀርቶ በትንሽ ማንኪያ ቢሆን ሰዉ ሳይታወቀው ይቀንሳል። የቡና ቁርሱ ደግሞ ቆሎ ወይም ንፍሮ ይሁን።

300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 32 ግራም ያህል፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። ማንም ሻዩ ላይ ስምንት ማንኪያ አይጨምርም። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ልኮ ለስላሳ ማስገዛት የጨዋነት ምልክት ሆኖብናል፤ አምቦ ውሃ በሎሚም ያው ጨዋነት ነው። ጁስ ቤት ሲገቡ «ስኳር አይጨመር» ብለው አስቀድመው ይናገሩ።

መጠጡስ? አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ አራት ጠርሙስ አንድ ምሳ ያህላል፣ በዚያ ላይ ጥብሱ አለ። ጠላም ጠጅም ኮረፌም ካሎሪ አላቸው፤ የቤት መጠጥ መሆናቸው አያስቀራቸውም። ከሥራ በኋላ በየቀኑ ሁለት ሦስት የሚል ሰው ሌላውን ሁሉ እያስተካከለ ወገቡ ካልቀነሰለት ምክንያቱን እዚህ ይፈልግ።

ደረጃ 5፦ መሶቡን ያስተካክሉ

የጤፍ እንጀራን መሸሽ አያስፈልግም። ጤፍ ከነገለፈቱ የሚፈጭ እህል ስለሆነ ከነጭ ዳቦ፣ ከፓስታና ከሩዝ ይሻላል። ችግሩ መጠኑና አጃቢው ነው፤ ሦስት እንጀራ በሁለት ጭልፋ ወጥ ይበላል፣ ቅጠል የለም። ያዙሩት፦ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ከወቅቱ የረከሰው የትኛውም የመሶቡን ግማሽ ይያዝ። የመሶቡን ሩብ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፣ ቀሪውን ሩብ እንጀራ። አትክልት ተወደደ የሚለው ቅሬታ እውነት ነው። ጎመን ግን በአብዛኛው ከሌላው ይረክሳል፤ ጓሮ ያለው ደግሞ ያለ ብዙ ድካም ያበቅለዋል፤ ከዘይቱ የተረፈው ብርም እዚህ ይውላል።

ቀስ ብለው ይብሉ። የጥጋብ ስሜት ከሆድ ወደ አእምሮ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ሁለተኛ እንጀራ ከመዘርጋቱ በፊት እጅ ሰብስቦ ትንሽ ማውራት ይጠቅማል። ቴሌቪዥን ወይም ስልክ እያዩ መብላት ግን ሳያውቁ ያስጨምራል።

ደረጃ 6፦ ጾምና ፍስክ

ብዙ ሰው «እኔ እየጾምኩ እንዴት ወፈርኩ?» ይላል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ምእመን ሥጋና ቅቤ ስላልበላ ብቻ አይከሳም፤ ሁለት ነገሮች ይበልጡበታል።

አንደኛው የጾሙ ምግብ በዘይት መጥለቅለቁ ነው። ድንች ጥብስ፣ ሳምቡሳ፣ በዘይት የተሠራ ፍርፍር፣ የጾም ኬክ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆዩ በኋላ ሰውነቱ ቶሎ የሚያጠግበውን ነው የሚመኘው፤ ስለዚህ የሚቀርበው ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። የምስር ወይም የአተር ክክ፣ ጎመን፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ። ሱፍና ተልባም ቅባት እንዳላቸው አይርሱ፤ የጠጡት ከነፍሬው በሆነ መጠን ግን ይሻላል። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቅጠሉና ጥራጥሬው፣ እንጀራው ከነርሱ ጋር እየተመጠነ።

ሁለተኛው ፍስኩ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ሃምሳ ቀን ነው። ከሃምሳ አምስት ቀን ጾም ወጥቶ ዶሮ፣ ቅርጫ፣ ጠላና ዳቦ በየዕለቱ ሲከታተሉ፣ በዐቢይ ጾም የቀነሰው ኪሎ ከነጓዙ ይመለሳል። በዓሉን አታክብሩ የሚል የለም። የበዓሉ ቀን እንደ በዓል ይበላ፤ በማግስቱ ግን ምሳው ሽሮ ወይም ምስር ይሁን። በሃምሳው መጾም አይገባም፤ ሽሮ መብላት ግን መጾም አይደለም። ሥጋው ከተቀቀለ ወይም ከተጠበሰ በኋላ ቁንጮ ቅባቱ ይነሳ፤ ለወጡ የሚሆነው ቅቤ እንደ ዘይቱ በማንኪያ ይለካ።

ጥር ሲገባ ደግሞ ጥምቀቱ፣ ሠርጉና ክርስትናው ይደራረባል፤ ማኅበሩና ዝክሩ በየወሩ አለ። አንድ ቀን ሁለት ቦታ የተጠራ ሰው አንደኛው ቤት ይብላ፣ ሁለተኛው ቤት ይቅመስ፤ ማታ ቤቱ ሲገባ እራት አይጨምር።

ሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዳን ያው ፈተና አለባቸው። በቴምርና በውሃ አፍጥሮ ሶላት ሰግዶ፣ ከዚያ ሾርባ ቀድሞ ቢበላ ሳምቡሳው ከአንድ አያልፍም።

ደረጃ 7፦ «በሞቴ» ሲመጣ

ጎንደር ላይ በምግብ ራስን ከመግዛት ይልቅ ሰውን ሳያስቀይሙ ማለፍ ይከብዳል። «አፈር ስሆን ብላ»፣ «በሞቴ አንዴ ብቻ» የተባለ ልጅ እናቱን እምቢ ማለት ነውር ይመስለዋል። ጉርሻ ፍቅር ነውና አይመለስም፤ የመጀመሪያውን በደስታ ይቀበሉ። ከዚያ ፊትዎ ያለውን ቀስ ብለው ይብሉ፤ ፊቱ ባዶ የሆነ ሰው ወዲያው ይጨመርለታል። ሁለተኛው ሲመጣ እጅ ደረት ላይ አድርገው «እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ጠግቤያለሁ፤ ይልቅ ቡናውን ላፍላልሽ» ይበሉ። ቡና ካለ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ሰውም አይከፋም። የጤና ጉዳይ ካለብዎ በድብቅ አይያዙት፤ «ሐኪም ቅባት ቀንስ ብሎኛል» ሲባል እናቶች ራሳቸው ከልካይ ይሆናሉ።

ጋባዥ ሲሆኑ ደግሞ አንድ ጊዜ ይጋብዙ፣ ከዚያ እንግዳውን ለራሱ ይተዉት። ማኅበርተኛ ከሆኑ ማኅበሩ ላይ ጎመንና ሰላጣ እንዲጨመር ሐሳብ ያቅርቡ፤ አንዷ ከጀመረች ሌሎቹ ይከተላሉ።

ሌላም አለ። «ወፈር ብለሻል፣ አምሮብሻል» እና «ከሳህ፣ ምን ነካህ?» የምንላቸው ሰላምታዎች ብዙ ሰው ጎድተዋል። ክሳት በሽታ የመሰለበት ክፉ ዘመን አልፈናልና የሚለው ሰው ክፋት የለበትም፤ ቢሆንም ኪሎውን በጤና ለመቀነስ የሚታገል ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይሰበራል። በተቃራኒው ወፍራም ልጅን በቅጽል ስም መጥራት ልጁን ከጨዋታ ያስቀረዋል፤ ከጨዋታ የቀረ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይወፍራል።

ደረጃ 8፦ እግር

አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያስፈልገዋል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን። ልኬቱ፦ እየሄዱ ማውራት ይቻላል፣ መዝፈን ግን ያቅታል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት፤ ገንዘብ የሚከፈልበት ጂም ሳይኖር እግር ይሠራል። ለጀማሪ የፋሲል ግቢን አጥር መዞር ይመቻል። ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርዶ በእግር መመለስ ቀጣዩ ነው። ለበረታ ሰው የቁስቋም ዳገት አለ። ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚሳለም ሰው መሄጃውንም መመለሻውንም በእግሩ ቢያደርገው የቀኑ ድርሻው አለቀ ማለት ነው። ጸጥታው ወይም ጨለማው በማይመችበት ጊዜ ግቢ ውስጥ ወይም ደረጃ ላይ መመላለስ ይቻላል፤ እስክስታም ደቂቃው ይቆጠራል።

ባጃጅ መተው ለሚከብደው፦ ሲሄድ ይሳፈር፣ ሲመለስ በእግሩ ይምጣ፤ ወይም ሁለት ፌርማታ አስቀድሞ ይውረድ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ወይም ቢሮ የሚቀመጥ ሰው በየሰዓቱ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ይቁም። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨምር፦ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ እንጨት ፈለጣ፣ ቁፋሮ።

ያለ ምግብ ማስተካከያ በእርምጃ ብቻ ኪሎ ይወርዳል ብሎ ማሰብ ግን ተስፋ ያስቆርጣል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በግማሽ ሰዓት እርምጃ የሚያቃጥለው 150 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አንድ ለስላሳ ብቻውን 130 ያህል ይመልስበታል። የሆድ ስፖርት ብቻ የሆድ ስብ አያጠፋም። መራመድ የሚጠቅመው ለልብ፣ ለስኳር መጠን፣ ለእንቅልፍና የቀነሰው ኪሎ እንዳይመለስ ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ እንቅልፍ ካነሳን፣ በሌሊት ከሰባት ሰዓት በታች የሚተኛ ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፤ ጣፋጭና ቅባት ያምረዋል። ስልኩ ከአልጋው ይራቅ።

ልጆችና አራሶች

ልጅ ኪሎ እንዲቀንስ ተብሎ አይራብም፤ ቁመቱ እያደገ ክብደቱ ባለበት እንዲቆይ ማድረግ ነው ዓላማው። ለስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ጡት ከተጨማሪ ምግብ ጋር ጥሩ መነሻ ነው። ተማሪው የምሳ ዕቃው ውስጥ ብስኩትና የላስቲክ ጁስ ሳይሆን የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ውሃ ይያዝ። በቀን አንድ ሰዓት ይሩጥ፣ ኳስ ይምታ፣ ገመድ ይዝለል። ለሽልማት ከረሜላ አይሰጠው። ሰብሰብ ብሎ የሚበላው እራት ላይ አባቱ ለስላሳ ከያዘ ግን ይህ ምክር ሁሉ ከንቱ ነው።

አራሷን በገንፎ፣ በቅቤና በአጥሚት መንከባከብ ደግ ልማድ ነው። የምታጠባ እናት እስከ 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ቤቱ የሚሳሳተው አራስነቱ ካለቀ በኋላም ለወራት በዚያው መቀጠሉ ላይ ነው። ከአርባ ቀን በኋላ ቅቤው በማንኪያ ይለካ፣ አጥሚቱ ላይ ስኳር ይቀነስ፣ ጎመንና ጥራጥሬ ይጨመር። ጤናዋ ከፈቀደ ሕፃኗን ታቅፋ መንሸራሸር ትጀምር። እያጠቡ ራስን ማስራብ ግን አይገባም።

የማይሠሩት

የማክሻ ሻይ፣ ምንነቱ ያልታወቀ እንክብል፣ የሚያስቀምጥ ቅጠል፣ ኮሶ፣ ላብ የሚያወጣ ቀበቶ፦ እነዚህ ውሃ ነው የሚያወጡት፣ ስብ አይነኩም። ኩላሊትና ጉበት የጎዱም አሉ። ጠዋት ሙቅ ውሃ በሎሚ መጠጣት ክፋት የለውም፤ ስብ ግን አያቀልጥም። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጤናማ ፍጥነት ነው። 80 ኪሎ የነበረ ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ እንኳ ለደም ግፊቱና ለስኳሩ ይታወቅለታል።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

ወገብዎ ከላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ ካለፈ፣ ወይም ከወላጅዎ ስኳርና ግፊት ያለበት ካለ ሕመም እስኪሰማዎ አይጠብቁ። ውሃ ጥም የበዛበት፣ ሌሊት ሽንት የሚመላልሰው፣ እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚጨምቀው፣ ወይም ሳያስበው ቶሎ የከሳ ሰው ጤና ጣቢያ ዛሬውኑ ይሂድ። ሲሄዱ የወገብ ልኬት የያዙበትን ደብተርና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይያዙ፤ ካወፈረዎት መድኃኒት መካከል ሊቀየር የሚችል ካለ ሐኪሙን ይጠይቁ፣ በራስዎ ግን አያቋርጡ። ደም ግፊትና የባዶ ሆድ ስኳር ይለኩ። ግፊቱ በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ፣ የባዶ ሆድ ስኳሩ በሁለት ምርመራ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ስኳሩ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ገና በምግብና በእርምጃ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ለስኳር ምርመራው ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምሱ መቆየት ስለሚያስፈልግ ረቡዕ ወይም ዓርብ ጠዋት ይመቻል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም አስቀድሞ ያማክር።